በፍቅሬ ስም የተሰመረው ካርታ

ስልኩ በሽርጧ ኪስ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ፀዳለ በምትሠራበት ሆቴል የዘጠነኛውን ክፍል አንሶላ ገፍፋ ትራሶቹን ከልብሳቸው እያወጣች ነበር። ቁጥሩን አየችው፤ ዋለልኝ ነው። ጋሪዋን በሩ ላይ አስደግፋ አነሳችው።

"እህት ፀዳለ፣ ሥራ ላይ ነሽ እንዴ?"

"አዎ፣ ጋሽ ዋለልኝ። ደህና ነዎት?"

"ጌታ ይመስገን። ብዙ አልይዝሽም። ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት ኮሚቴው ይቀመጣል። የቀጣናው ካርታ አልቋል። የአባላቱን መዝገብ ይዘሽ መጥተሽ ብትፈርሚልን ለሚቀጥለው ወር ጉባኤ ዝግጁ ይሆናል።"

"እሺ።"

"ካርታውን በኢሜይል ልኬልሻለሁ። አንድም ሰው አልቀረም፣ ሁሉም በየቀጣናው ገብቷል። የፍቅሬ ሐሳብ ፍጻሜ ሊያገኝ ነው። የቀብሩ ዕለት ቃል ገብቼልሽ የለ?"

"አዎ። እመጣለሁ፣ ጋሽ ዋለልኝ።"

ስልኩን መልሳ ከተተችና አዲሱን አንሶላ አልጋው ላይ ዘረጋችው። ጥግ ጥጉን አጠፈች፤ ይህን እጇ ራሱ ያውቀዋል። ካለፈው ጥር ወዲህ፣ ባሏ ፍቅሬ በኮሮና ሆስፒታል ገብቶ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከሞተ ወዲህ፣ ሰው የሚጠይቃትን ሁሉ እሺ ትላለች። ኦቨርታይም ያዢ ሲሏት እሺ። የፍቅሬን ልብስ ለሚለብሰው እንስጠው ሲሏት እሺ። እምቢ ለማለት አንድ ነገር ያስፈልጋል፤ ያ ነገር ምን እንደሆነ ባታውቅም ውስጧ እንደሌለ ታውቃለች። "እንዴት ነሽ?" ሲሏት "ደህና ነኝ" ትላለች። ዋሽታም አይደለም። የሚያማት ነገር የለም። ሌላም ነገር የለም።

ፍቅሬ መንገደኛ የሚያመላልስ የኤርፖርት ሻትል ሾፌር ነበር። የቤተ ክርስቲያናቸው አባላት ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው፤ ስድስቱን ሽማግሌዎች የሚመርጡት እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ በአዳራሹ ያለው ሰው ሁሉ እጅ እያወጣ ነበር። እሑድ ጠዋት ደግሞ የሆቴልና የካዚኖ ሠራተኛ ሺፍት ላይ ነው። ስለዚህ ከአባላቱ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሰው በሆቴሎቹ አካባቢ፣ ፓራዳይዝ በሚባለው ሰፈር ባሉት አፓርታማዎች እየኖረ፣ አንድም ሽማግሌ ከዚያ ተመርጦ አያውቅም። ሽማግሌዎቹ ከከተማው ዳር ያሉት የሰመርሊን፣ የአሊያንቴና የሄንደርሰን ሰፈሮች ሰዎች ናቸው፤ ቤት የገዙ፣ እሑድ የሚያርፉ።

ፍቅሬ ክፉ ናቸው ብሎ አያውቅም። "የማያውቁትን ኑሮ እንዴት አድርገው ይወስኑለታል?" ነበር የሚለው። ሆቴሎቹ በተዘጉ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኒቱ ሥራ ለፈቱት አስቤዛ ስታድል፣ ሽማግሌዎቹ የማደያውን ቦታ ሰመርሊን፣ የአንዱ ሽማግሌ ጋራዥ አደረጉት። መኪና የሌለው ሰው ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ ዱቄት ተሸክሞ ይመለስ ነበር። ያኔ ፍቅሬ ሻትሉን አስነሣ፣ ፀዳለ የአባላቱን መዝገብ ጭኗ ላይ ዘርግታ አጠገቡ ተቀመጠች፣ በየቤቱ አዞሩት። የእያንዳንዱን ሰው በር ያወቀችው በዚያን ጊዜ ነው። እሱም በየበሩ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር፦ "አንተ ብትመርጥ ማንን ትመርጥ ነበር?"

ሁለት ዓመት ሙሉ የተከራከረበት ሐሳብ ቀላል ነው። ከተማው በቀጣና ይከፈል፤ እያንዳንዱ ቀጣና የራሱን ሽማግሌዎች በምስጢር ድምፅ ይምረጥ። ሐሳቡ የጸደቀው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። መታሰቢያ ይሁነው ተብሎ ሁሉም እጁን አወጣ።

*

ቤት ስትደርስ ልጇ ቤተል የምግብ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፗን ከፍታ ተቀምጣ ነበር። ቤተል ሃያ ዓመቷ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ፖለቲካ ታጠናለች። በዚህ ዓመት ከሕዝብ ቆጠራው በኋላ በየስቴቱ የምርጫ ክልል ካርታ እንደ አዲስ እየተሰመረ ስለሆነ፣ ክፍል ውስጥ ከዚህ ሌላ ወሬ የላቸውም። የዋለልኝን ኢሜይል የከፈተችው እሷ ነች።

"ማሚ፣ ይሄን አይተሽዋል?"

"አላየሁትም። ልፈርም እየሄድኩ ነው።"

"ዌይት። ተቀመጪ፣ ፕሊዝ።"

ፀዳለ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ስክሪኑ ላይ ከተማው በሦስት ቀለም ተቀብቷል። ቤተል በጣቷ አሳየቻት።

"ሦስት ቀጣና አለ። እያንዳንዱ ውስጥ አንድ መቶ አራት ሰው፤ ኢኩዋል ነው፣ ጥሩ። ግን ፓራዳይዝን እዪው። በፍላሚንጎ መንገድ ቆረጡት፣ ደግሞ በትሮፒካና ቆረጡት። ከፍላሚንጎ ወደ ላይ ያለው ሰው ከአሊያንቴ ጋር ገባ። መሃል ያለው፣ እኛ፣ ከሰመርሊን ጋር። ከትሮፒካና ወደ ታች ያለው ከሄንደርሰን ጋር።"

"ታዲያ ሁሉም ገብቷል።"

"ገብቷል። ግን ስንት ስንት ሆኖ ገባ? በአንዱ ቀጣና አርባ ሰባት የእኛ ሰው፣ ሃምሳ ሰባት የእነሱ። በሌላው እንደዛው። በእኛ አርባ ስድስትና ሃምሳ ስምንት። ሦስቱም ጋ እኛ ትንሽ ነን። አንድ መቶ አርባ ሰው ሆነን አንድም ቦታ አናሸንፍም። ዳዲ የጠየቀው ይሄን ነው?"

ፀዳለ ካርታውን ተመለከተች። የምታውቃቸው ሕንፃዎች በቀለም ተለያይተዋል። ፍቅሬ ይህን ቢያይ ከወንበሩ ይነሣ ነበር፤ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ እየተመላለሰ ይናገር ነበር። እሷ የሚነሣባት ነገር እንዳለ ጠበቀች። ማቀዝቀዣው ይጮኻል። ሌላ ምንም የለም።

"አትፈርሚ" አለች ቤተል።

"ካልፈረምኩስ ምን ይሆናል?"

"አላውቅም። ሌላ ሰው ይፈርማል።" ቤተል ፀጉሯን ወደ ኋላ ሰበሰበችና ደንቡ የተጻፈበትን ሁለተኛ ገጽ ከፈተች። "ግን ስሚኝ። ፕሮፌሰሬ የአውሮፓን ምርጫ አሳይቶን ነበር። ችግሩ መስመሩ ብቻ አይደለም አለ፤ ሰው ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚጽፍም ነው። እዚህ ምን ይላል? ሁለት ሽማግሌ ስለሚመረጥ ሰው ሁለት ስም ይጽፋል። ሃምሳ ሰባቱ ያው ሁለት ስም ከጻፉ ሁለቱም የእነሱ ይሆናል። አንድ ስም ብቻ ጻፉ ቢባልስ?"

"አንድ ስም?"

"አንድ ሰው አንድ ስም። የሚያልፉት ግን ሁለት ናቸው። እነሱ ሁለቱንም ለመውሰድ ሃምሳ ሰባቱን ለሁለት መካፈል አለባቸው፤ ሃያ ስምንትና ሃያ ዘጠኝ። የእኛ አርባ ሰባት ሰው አንድ ስም ከጻፈ ይበልጣል። በየቀጣናው አንድ የእኛ፣ አንድ የእነሱ። ሦስት ለሦስት። ካርታው እንዳለ ይቀመጥ።"

ፀዳለ ቁጥሩን በልቧ ደገመችው። ትክክል ነው። ከአንድ ቃል በቀር የሚለወጥ ነገር የለም።

"ይህን ልበላቸው?"

"በይ። ግን ለምን እንደሆነ አታስረጂያቸው። ማሚ፣ ሲሪየስሊ። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ እሺ ይሉሻል። ዝም በይ።"

*

ወደ ስብሰባው ስትሄድ እትዬ እታፈራሁ ቤት ጎራ አለች። እታፈራሁ ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ካዚኖ ውስጥ የመታጠቢያ ቤት ጽዳት ይሠራሉ። ባለፈው ወር እዚያው ግቢ ውስጥ ክፍል ቀይረዋል፤ አዲሱ ቁጥር መዝገብ ላይ አልገባም። በሩን የከፈቱት የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ነው።

"ግቢ፣ ልጄ። ልወጣ ስል ደረስሽብኝ።"

"አልገባም፣ እትዬ። የክፍልዎን ቁጥር ልጽፍ ነው። ለምርጫው።"

"ደረሰ እንዴ? እስቲ በይ፣ እኔ የት ነው የምመርጠው?"

ፀዳለ ካርታውን አወጣች። የእታፈራሁ ሕንፃ ከፍላሚንጎ በላይ ነው። "አሊያንቴ ነው የወደቁት። ምርጫው ረቡዕ ማታ፣ እዚያ በአንድ ሰው ቤት ይሆናል።"

እታፈራሁ በሩን እንደያዙ ቆሙ። ከፊታቸው ቅሬታ አይነበብም። "አሊያንቴ በምን እሄዳለሁ? ረቡዕ ደግሞ ሺፍት አለኝ።"

"እሱን አላሰቡትም መሰለኝ።"

"ግድ የለም፣ ይቅርብኝ። እስከ ዛሬስ መች መርጬ አውቃለሁ?" ቦርሳቸውን ከበሩ ጀርባ አወረዱ። "ነፍሱን ይማረውና ፍቅሬ ነበር በመጣ ቁጥር ማንን ትመርጫለሽ እያለ የሚጨቀጭቀኝ። ምን ዋጋ አለው ብዬ አልመልስለትም ነበር። አሁን አሁን ምነው በመለስኩለት እላለሁ።"

"ማንን ነበር የሚመርጡት?"

"እሱን ነዋ። ሌላ ማንን?"

ፀዳለ ቁጥሩን መዝገቡ ላይ ጻፈች። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን እስከ ደረጃው ወረዱ፤ እታፈራሁ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው አቀኑ። ላድርስዎ ልትል አሰበችና ሰዓቷን አየች፤ አርፍዳለች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን ከማስነሣቷ በፊት ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። የማልቀሻ ጊዜ ይህ መሆን ነበረበት። ዓይኗ ደረቅ ነው። አስነሥታ ሄደች።

*

ቤተ ክርስቲያኒቱ የተከራየችው አዳራሽ ከጎማ መሸጫ ጎን ነው። ከኋላ ባለችው ጠባብ ቢሮ ሦስቱ የኮሚቴ አባላት ማስካቸውን አድርገው ተቀምጠዋል፦ ሰብሳቢው ዋለልኝ፣ ፓስተር ጥላሁንና ከአሊያንቴ የመጡት ጡረተኛዋ ነርስ እህት ደመቀች። አራተኛው ወንበር የመዝገብ ያዥዋ የፀዳለ ነው። አምስተኛው የፍቅሬ ነበር፤ በቦታው ሰው አልተተካም።

ዋለልኝ ስልሳ ያለፈው የቤት ሽያጭ ደላላ ነው። የፍቅሬን ቀብር ሰው እንደ ልቡ በማይሰበሰብበት ጊዜ ያስፈጸመው እሱ ነው፤ መቃብሩ አፈር እስኪለብስ ድረስ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ካርታውን በትልቅ ወረቀት አሳትሞ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል።

ፓስተሩ ጸለየ። ከዚያ ዋለልኝ ወረቀቱን ወደ ፀዳለ አዞረላት።

"እዚህ ጋ ነው የምትፈርሚው። ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም ስም ገብቷል ማለት ነው፤ ሌላ የለውም።"

"አየሁት፣ ጋሽ ዋለልኝ። ፓራዳይዝ ሦስት ቦታ ተቆርጧል።"

"ሆን ብዬ ነው" አለ ዋለልኝ፣ ሳያፍር። "እስቲ አስቢው። ፓራዳይዝን ለብቻው ባደርገው የተከራዩ ቀጣና፣ የቤት ባለቤቱ ቀጣና ሊሆን ነው። በአንድ ማዕድ የሚቀርብ ሕዝብ በኪራይ ይለያይ? ፍቅሬ ሰው በሰፈሩ ይምረጥ አለ፤ ይመርጣል። እኔ የጨመርኩት መቀላቀሉን ነው።"

ደመቀች ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔም መልካም ነው ብዬ ነው የተቀበልኩት፣ ፀዳለ። ሰው እርስ በርሱ ይተዋወቃል።"

የተናገሩትን ያምኑበታል። ፀዳለ ይህ ታያት፤ ስለዚህም ልትቆጣቸው አልቻለችም። ብትችልም ቁጣው ከየት ይመጣል? ሁለተኛውን ገጽ ገለጠች።

"እትዬ እታፈራሁ ረቡዕ ማታ አሊያንቴ መድረስ አይችሉም።"

"እናመላልሳቸዋለን" አለ ፓስተሩ። "መኪና እንመድባለን። ሺፍት ላለውም ወረቀቱን አስቀድመን እንልክለታለን።"

"ጥሩ። ሌላ አንድ ነገር አለ። እዚህ መራጩ ሁለት ስም ይጽፋል ይላል። አንድ ስም ይጽፋል ቢባልስ? የሚያልፉት ያው ሁለቱ ይሁኑ፤ ብዙ ድምፅ ያገኙት።"

ዋለልኝ መነጽሩን አስተካክሎ መስመሩን አነበበ። ከዚህ የከበደ ነገር ጠብቆ እንደነበር ከትከሻው መውረድ ያስታውቃል። "ይሄ ብቻ ነው? ወረቀቱም ይቀላል፣ ቆጠራውም ይቀላል። ፓስተር?"

"እኔ ችግር አይታየኝም።"

"እህት ደመቀች?"

"አንድ መጻፍ ይሻላል። ሁለተኛውን ሰው ሁልጊዜ ዝም ብዬ ነው የምጽፈው።"

ዋለልኝ "ሁለት" የሚለውን ሰርዞ ከላዩ "አንድ" ብሎ ጻፈ። ሦስቱም ጎኑ ላይ ፈረሙበት። ከዚያ እስክሪብቶውን አቀበላት። "ለእኔ ግን ምን ለውጥ እንዳለው አልገባኝም" አለ እየሳቀ። "ምን ለውጥ አለው?"

ፀዳለ እስክሪብቶውን ያዘች። ነገሩ አልቋል። "ምንም" ብትል፣ ወይም ሳትመልስ ብትፈርም፣ ፍቅሬ ሁለት ዓመት ለፍቶ ያላገኘውን ይዛ ትወጣለች። ደስታ ይሰማት እንደሆነ ጠበቀች። አልተሰማትም። ፊት ለፊቷ ያለው ሰውዬ መልሷን ይጠብቃል። የጠየቀው እሷን ነው፤ እሷም መልሱን ታውቃለች። ከዚህ ያለፈ ነገር በልቧ አልነበረም።

"ለውጥ አለው" አለች።

ከዚያ ነገረቻቸው። አርባ ሰባትና ሃምሳ ሰባት። ሁለት ስም ሲጻፍ ማን እንደሚያልፍ፣ አንድ ስም ሲጻፍ ማን እንደሚያልፍ። ለእህት ደመቀች እንዲገባቸው ሃያ ስምንትና ሃያ ዘጠኝን በወረቀት ጥግ ጻፈችላቸው። ድምጿ ከፍም ዝቅም አላለ፤ ለአዲስ ሠራተኛ አልጋ አነጣጠፍ የምታስተምር ይመስል ነበር።

"በየቀጣናው አንዳንድ" አለ ፓስተሩ ቀስ ብሎ። "ሦስት ከፓራዳይዝ።"

"አዎ።"

ዋለልኝ ያረመውን መስመር ትኩር ብሎ አየው። "ይህን ማን ነገረሽ?"

"ልጄ።"

"ታዲያ ለእኛ ለምን ነገርሽን? ፈርመን ነበር እኮ።"

"ጠየቁኝ፣ ጋሽ ዋለልኝ።"

የዋለልኝ ፊት መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ያረጀ መሰለ። ፊርማውን በአንድ መስመር ሰረዘው፤ እየሰረዘም አላያትም። "እንግዲህ ይህ መሠረታዊ ለውጥ ነው። ኮሚቴው እንዲህ በቀላሉ የሚያልፈው ነገር አይደለም። አንዱን ወገን ከሌላው አፋጥጠን ልናስመርጥ ነው፤ እኔ ይህን አልቀበልም።"

"ጉባኤው ይወስናላ" አለ ፓስተሩ። "በዙም ጭምር ስለሚካሄድ ሥራ ላይ ያለውም በስልኩ ይገባል። ማንም አባል ሐሳብ ማቅረብ ይችላል።"

"ማን ያቀርበዋል? እኔ አላቀርበውም። አንተ ፓስተር ነህ፣ በምርጫ ጉዳይ አትገባም። እህት ደመቀች?"

ደመቀች እጃቸውን እያዩ "እኔ እንኳ ልጸልይበት" አሉ።

"ፀዳለም አትችልም" አለ ዋለልኝ። ቃሉ ላይ ቁጣ የለበትም፤ ደንቡን ስለሚያውቅ ብቻ ነው የሚናገረው። "መዝገብ ያዥ ገለልተኛ ነው። ሐሳብ አያቀርብም፣ አይከራከርም፣ አይመረጥምም። ፍቅሬ ራሱ ነው ያስገባው።"

እውነቱን ነው። ፍቅሬ ያን አንቀጽ ሲጽፍ ጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ ነበር። ያን ጊዜም እሺ ብላ ነበር።

ፀዳለ የእስክሪብቶውን ክዳን ገጥማ ካርታው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ መዝገቡን ዘጋች። ያበጠ ጥቁር መዝገብ ነው፤ ሰባት ዓመት በእጇ የሞላችው፣ የገባ የወጣው፣ የተወለደ የሞተው ሁሉ ያለበት። በሁለት እጇ አንሥታ ደመቀች ፊት አኖረችው።

"ይረከቡኝ፣ እህት ደመቀች። የእትዬ እታፈራሁን አዲስ ቁጥር ዛሬ ጽፌዋለሁ። የቀረ ነገር የለም።"

"ምን ማለትሽ ነው?" አሉ ደመቀች።

"ለቅቄያለሁ። ካርታውን የሚቀጥለው መዝገብ ያዥ ይፈርም።"

ዋለልኝ ወደ ፊት ተጠጋ። "እህት ፀዳለ፣ ተረጋጊ። በስሜት አትወስኚ።"

ፀዳለ ጥቂት አሰበች፤ ያለውን እውነት ነው ወይ ብላ ውስጧን ፈለገች።

"ስሜት የለኝም፣ ጋሽ ዋለልኝ" አለች። ከዚያ ወደ ፓስተሩ ዞረች። "የጉባኤ ሐሳብ ማቅረቢያው ቅጽ አለዎት?"

ፓስተሩ መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ወረቀት አወጣ። እስክሪብቶውን ከካርታው ላይ አነሣና ዋለልኝን ሳያይ መጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፈው።

"የአቅራቢው ስም" አለ።

"ፀዳለ ንጉሤ።"

"አድራሻ?"

"ፓራዳይዝ" አለች፤ ጽፎ እስኪጨርስም ቆማ ጠበቀችው።